ጋን ያቭኔ በነሐሴ፦ በደረቁ ወራት ስለሚያብቡ ኮረቶች

በነሐሴ ማብቂያ ላይ በእስራኤል ከጋን ያቭኔ ወጥቶ ወደ ገዴራ አቅጣጫ በእርሻዎች መካከል የሚጓዝ ሰው፣ ከጸደይ ወዲህ የዝናብ ጠብታ ያልነካውን ምድር፣ ነጥቶና ተሰባብሮ የወደቀውን ሣር፣ አቧራ የለበሰውን የብርቱካን ቅጠል እየተመለከተ፣ ከዚህ ሜዳ ላይ ልምላሜ የሚባል ነገር ፈጽሞ ተሰዶአል ብሎ ሊደመድም ሲል፣ ከደረቀው መሬት ቀጥ ብሎ የወጣ፣ አንዲት ቅጠል እንኳ የሌለው፣ ቁመቱ ከሰው ደረት የሚደርስ፣ ከላይ በነጫጭ አበቦች የተሸለመ ዘንግ ድንገት ከፊቱ ቆሞ ያገኛል። አንዱን ካየ በኋላ ዓይኑ ይለምደዋልና ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን፣ ኋላም በኮረብታው ጥግ የተሰለፉትን ሁሉ ማየት ይጀምራል። የአገሩ ሰዎች ሐጻቭ ይሉታል። አበባው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ በተራ ይከፈታል፤ እያንዳንዲቱ አበባ ዕድሜዋ ከአንድ ቀን የማያልፍ ሲሆን፣ ዘንጉ ግን ብዙ መቶ አበቦችን የተሸከመ በመሆኑ ንቡም ተርቡም በየማለዳው አዲስ ማዕድ ያገኙበታል።

ይህ የሚሆነው የዕብራውያን ኤሉል ወር ሊፈጸም፣ ቤተ እስራኤልም ከአበው በወረሱት የግእዝ ሥርዓት ብርሃን ሠረቀ ብለው የሚጠሩት የቲሽሪ መባቻ በዓል ሊገባ በሚቃረብበት ሰሞን ነው። በጎንደር ተራሮች ላይ አደይ አበባ የሚፈነዳበትም ወቅት ይኸው ነው፤ ሆኖም የሁለቱ ጠባይ ፍጹም የተለያየ ነው። አደይ ሦስት ወር ሙሉ ሲዘንብ የቆየውን ክረምት ጠጥታ፣ ጠግባ፣ ሰማዩ ሲጠራ የምታብብ የጥጋብ አበባ ስትሆን፣ ሐጻቭ ግን ዝናቡ ገና ሳይመጣ፣ ምድሪቱ ከምንጊዜውም ይልቅ በተጠማችበት ሰዓት ያብባል። ስንቁ ካለፈው ዓመት የተቀመጠ ነውና የዘንድሮን ዝናብ አይጠብቅም። ስንቁ ያለበትን ከምድር በታች ያለውን ራሱን፣ ማለት ኮረቱን፣ ነቅሎ በደረቅ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ሰው እንኳ፣ ወቅቱ ሲደርስ ያለ አፈርና ያለ ውኃ ዘንጉን ሲያወጣ ያየዋል። በግሪክ አገር በቀርጤስ ደሴት ሰዎች ይህንኑ ኮረት በአዲስ ዓመት ቀን በደጃፋቸው ላይ የሚሰቅሉት፣ ከመሬት ተነቅሎም አልሞት ማለቱን አይተው ነው።

ለጋን ያቭኔና ለገዴራ ቅርብ የሆነች፣ ከሊቢያ የመጡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1949 የመሠረቷት አንዲት የገበሬዎች መንደር ስሟን የወሰደችው ከዚህ ተክል ነው። የታልሙድ ሊቃውንትም ኢያሱ ወልደ ነዌ ምድሪቱን ለነገዶች ባከፋፈለ ጊዜ ወሰኑን ያስቀመጠው በሐጻቭ ነው ሲሉ አውርሰዋል። ነገሩን በእርሻ ዓይን ለሚመለከተው ሰው ትውፊቱ ከንቱ ተረት አይደለም፤ የሐጻቭ ሥር ወደ ጎን ሳይንሰራፋ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ የጎረቤትን መሬት አይሻማም፤ ከብት አይበላውም፤ ማረሻም በቀላሉ አያጠፋውም። ድንበር የሚገፋ ሰው ድንጋይ ሊያነሣ ይችላል፤ ብዙ ኪሎ የሚመዝነውን የዚህን ኮረት ተራ ነቅሎ ማዛወር ግን ሌሊቱ አይበቃውም። የአረብ መንደሮች ገበሬዎችም በእርሻቸው ዳርና በመቃብሮቻቸው አጠገብ ሲተክሉት ኖረዋል።

ገዴራ እ.ኤ.አ. በ1884፣ ጋን ያቭኔ በ1931፣ ቂርያት ማላኺ ደግሞ በ1951 የተቆረቆሩ ናቸው፤ ያቭኔ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጥንታዊት ስትሆን፣ ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ከፈረሰ በኋላ የሕግ ሊቃውንት የተሰበሰቡባት ከተማ ናት። በዘመቻ ሙሴና እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በተፈጸመው በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ከመጡት የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች መካከል ብዙዎች በእነዚህ ከተሞች ሰፍረዋል። ከመጡት ውስጥ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ገበሬዎች ነበሩ፤ ሻንጣቸው ባዶ ቢሆን እንኳ ይዘውት የመጡት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በደም የሚታወቅ የዘርና የመከር አቆጣጠር ነው፤ በሰኔ ይዘራል፣ በሐምሌና በነሐሴ ሰማይ ያጠጣል፣ በመስከረም ያብባል። በዚህ የባሕር ጠረፍ ግን ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደመና የማይታይባቸው ወራት ናቸው፤ ወደ 500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው የዓመቱ ዝናብ በሙሉ የሚወርደው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። መጽሐፍ የፊተኛውና የኋለኛው ዝናብ የሚላቸውም የዚህ ወቅት መግቢያና መውጫ ናቸው። እንግዲህ የአትክልት ነገር እዚህ አገር የሚጀምረው ይህን አቆጣጠር ከመገልበጥ ነው፤ ኮረት ላላቸው አበቦች ሲሆን ደግሞ፣ እንደምናየው፣ አንዱን ገልብጦ ሌላውን እንደ ነበረ ከመተው ነው።

በቂርያት ማላኺ በአንድ ፎቅ ቤት ምድር ላይ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት፣ ከበረንዳቸው ፊት ያለችውን ጠባብ መሬት በጤና አዳም፣ በጦስኝና በጎመን ሸፍነው፣ በጥጉ ልጃቸው ያመጣላቸውን ሁለት የሐጻቭ ኮረቶች ተክለው ነበር። በአንድ የሐምሌ ማለዳ በፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ውኃ ሲያፈሱበት፣ በችግኝ መሸጫ ቤት የሚሠራ ጎረቤታቸው በአጥሩ በኩል ያያቸዋል።

«እማማ፣ እሱን ተዉት፤ በሐምሌ ውኃ አያጠጡት፤ ይበሰብስብዎታል» አለ።

«ሐምሌን ውኃ ሳይጠጣ ያደገ ምን አለ፣ ልጄ?» ሲሉ መለሱ፤ «ቅጠሉም ረግፎ አልቋል፤ ሞቷል መሰለኝ፤ ነፍስ ልዘራበት ብዬ ነው።»

«አልሞተም፤ ተኝቷል። የሚጠጣው በታኅሣሥና በጥር ነው።»

አዛውንቷ ማንቆርቆሪያውን ወደ ጎመኑ አዞሩ፤ ፊታቸው ላይ ግን ያልተዋጠላቸው ነገር ይነበብ ነበር። እኔም በእርሳቸው አልፈርድም። ሰባ ዓመት በሐምሌ ምድር ስትጠግብ ያየ ሰው፣ በሐምሌ ውኃ መንፈግ በጎ ሥራ ነው ሲባል ወዲያው አሜን ሊል አይገባውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮረት ማለት ተክሉ በክፉ ወራት የሚኖርበት ጎተራው ነው፤ በደግ ወራት ቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን የሠራውን ምግብ ወደዚያ ያስገባል፣ ክፉው ወራት ሲመጣ ቅጠሉን ጥሎ ከምድር በታች ይከተታል። ክፉ ወራት የሚባለው ግን እንደ አገሩ ይለያያል። በሜድትራንያን ዙሪያ የተፈጠሩት ኮረቶች ክፉ ወራታቸው ሐሩሩ ስለሆነ በክረምት ለምልመው በደረቁ ወራት ይተኛሉ። በኢትዮጵያ ደጋ፣ በምሥራቃዊው ደቡብ አፍሪካና በሜክሲኮ የተፈጠሩት ደግሞ ዝናባቸው የሚወርደው ሙቀቱ ባለበት ወቅት በመሆኑ፣ በዚያን ጊዜ ለምልመው ዝናብ በሌለበትና በሚበርድበት ወራት ይተኛሉ። ሁለቱም ወገኖች በጋን ያቭኔ ጓሮ ውስጥ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሊያብቡ ይችላሉ፤ ገዢው ከችግኝ ቤቱ ሲገዛቸውም በአንድ መደርደሪያ ላይ በአንድ ዓይነት ከረጢት ውስጥ ያገኛቸዋል። የመጀመሪያውን ወገን የሚገድለው የነሐሴ ማንቆርቆሪያ ነው፤ ሁለተኛውን የሚገድለው የጥር ዝናብ ነው። በዚህ ጠረፍ ከሚጠፉት ኮረቶች የሚበዙት በጥማት አይጠፉም፤ በተሳሳተ ወቅት በመጠጣት ይጠፋሉ ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የጠብታ መስኖ ቧንቧ ያለው ሰው ሁለቱን ወገኖች በአንድ መሥመር ላይ መትከል አይገባውም። ለእያንዳንዱ የየራሱ መዝጊያ ያለው ቧንቧ ይዘረጋለት፤ ይህ ካልተቻለ ሐጻቩንና ጓደኞቹን ቧንቧው ከማይደርስበት የግቢ ጥግ፣ የወይራ ዛፍ ሥር ወይም የአጥር ግርጌ ላይ ያሳርፋቸው።

አፈሩም የራሱ ድርሻ አለው። የጋን ያቭኔ ሰው የታደለ ነው፤ ከእግሩ በታች ያለው በአብዛኛው ሐምራ የሚባለው ቀይ አሸዋማ አፈር ሲሆን፣ ውኃን በቶሎ ያሳልፋል፣ በቀላሉ ይቆፈራል። ወደ ምሥራቅ ወደ ገዴራና ወደ ቂርያት ማላኺ በተሄደ ቁጥር ግን መሬቱ እየከበደና እየጠቆረ ይመጣል፤ የጎንደር ገበሬ ዋልካ ከሚለው ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነ፣ በክረምት የሚያጣብቅ፣ በሐሩር የሚሰነጠቅ አፈር ነው። በእንዲህ ያለው ቦታ ኮረትን ወደ ታች መቅበር ለሞት አሳልፎ መስጠት ስለሆነ፣ አሸዋና የበሰለ ፍግ ደባልቆ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይሻላል። ትኩስ ፍግ ግን ከኮረት ጋር ፈጽሞ አይነካካ፤ ያቃጥለዋል፣ ሻጋታም ይጋብዝበታል።

ሐጻቭን ለመትከል ከሁሉ የሚመቸው የእንቅልፉ ወራት ማብቂያ ነው። አንገቱ ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል ሆኖ እንዲታይ አድርጎ መትከል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ያለ ማንም ርዳታ ሥር እንዲሰድ መተው ነው። ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች በክረምት ወጥተው በሚያዝያና በግንቦት ይደርቃሉ፤ ቢጫ ሆነው ግቢውን ቢያስቀይሙም ራሳቸው እስኪለቁ ድረስ መቁረጥ አይገባም፤ የሚመጣው መስከረም አበባ በእነርሱ ውስጥ ነውና። በሚነኩበት ጊዜ ጓንት ማጥለቅ ያስፈልጋል፤ ጭማቂው ቆዳን ያሳክካል፣ ኮረቱም ልብን የሚያውክ መርዝ አለበት፤ ቀዩ ዓይነት በጥንት ዘመን ለአይጥ መግደያ ያገለገለውም ለዚህ ነው።

ከያቭኔ በስተምዕራብና በአሽዶድ ዙሪያ ባለው የባሕር አሸዋ ላይ ደግሞ በዚሁ ወራት ሌላ አበባ ይታያል፤ ዕብራውያን የጠረፍ ሐቫጼሌት የሚሉት፣ ነጭ፣ ሰፊ፣ ማታ ማታ መዓዛው የሚያይል ጽጌ ነው። ዘሩ እንደ ከሰል የጠቆረና ቀላል በመሆኑ በባሕር ላይ ተንሳፍፎ ይጓዛል። በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ከአሸዋው ላይ መንቀል ክልክል ነው፤ ከችግኝ ቤት የተገዛውን ግን በጥልቀት፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ገደማ ወርዶ መትከል ያሻል፤ በትውልድ ቦታው ኮረቱ ከዚያም እጅግ ጠልቆ ይገኛልና። ከዘር የጀመረ ሰው አበባውን ለማየት ዓመታት ይቆጥራል፤ ይህን የማይታገሥ ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ስንመጣ፣ ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ የሚባለው ነው። ጀርመናዊው የዕፀዋት ሰብሳቢ ዊልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ በትግራይ ሲኖርና ዕፀዋትን እያደረቀ ወደ አውሮፓ ሲልክ ቆይቶ በ1878 በዐድዋ ያረፈ ሰው ነው። ሆክሽቴተር የሚባለው የሺምፐር አገር ሊቅ ከሰሜን ኢትዮጵያ የተሰበሰበውን ይህን አበባ በ1844 በጽሑፍ ገልጾ ለሳይንስ አስተዋወቀው። ግላዲዮለስ ሙሪኤሌ የሚለው የዛሬው ስም የተሰጠው ግን በ1932 ሲሆን፣ በሙሪኤል በምትባል ሴት ስም ነው። በትውልድ አገሩ ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ማላዊና ሞዛምቢክ ባሉት ደጋዎች፣ ድንጋያማ በሆኑ ቁልቁለቶች ላይ ይበቅላል። ስድስቱ የአበባ ቅጠሎቹ ንጹሕ ነጭ ሆነው፣ መካከላቸው እንደ ጠጅ ቀለም በጠቆረ ቀይ የተነከረ ነው፤ ከበስተኋላው ያለው ቀጭን ቱቦ ከስንዝር ብዙም የማያንስ በመሆኑ፣ ወለላውን ሊደርስበት የሚችለው ረጅም ምላስ ያለው የሌሊት የእሳት ራት ብቻ ነው። መዓዛውም እንግዳውን የሚጠራው በዚያን ሰዓት ስለሆነ፣ ሰው ማታ ከሚቀመጥበት በረንዳ አጠገብ መትከሉ ብልህነት ነው።

የአውሮፓ አትክልተኞች ይህን አበባ ለብርድ የሚሸነፍ ብለው ይመድቡታል፤ በየመኸሩ ነቅለው ከቤት ውስጥ ያሳድሩታል። እውነታቸውን ነው፣ ለአገራቸው። ብርታት ግን የተክሉ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ተክሉና ቦታው ሲገናኙ የሚወሰን ነገር ነው። በጋን ያቭኔ መሬቱ ስለማይቀዘቅዝ፣ በሐምራ አፈር ውስጥ ኮረቱ ዓመት ከዓመት ሳይነቀል ይኖራል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ፣ በመካከሉ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር እየተተወ ይተከላል፤ ተራርቆ አንድ አንድ ቢተከል ቀጭንና ባይተዋር ስለሚመስል፣ አሥርና አሥራ አምስት አንድ ላይ ሰብሰብ ማድረግ ነው የሚያምርበት። ከተተከለ ከሦስት ወር በኋላ ወይም ትንሽ ዘግይቶ፣ ማለት በሐምሌና በነሐሴ ያብባል። ያን ጊዜ ሁሉ ግን ሰማዩ የማይሰጠውን የጎንደርን ክረምት ሰው በቧንቧ ሊሰጠው ያስፈልጋል፤ በአሸዋማ አፈር በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ ማጠጣት፣ በከባዱ አፈር አንድ ጊዜ። የቂርያት ማላኺዋ እናት በሐምሌ ያነሡት ማንቆርቆሪያ በዚህ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ጎረቤታቸው ባመሰገናቸው ነበር።

አበባው ካለፈ በኋላ ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን ማጠጣት አይቋረጥም፤ አሮጌው ኮረት በየዓመቱ እየሞተ አዲሱ በላዩ የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነውና። በዙሪያውም ምስር የሚያካክሉ ግልገሎች ይፈላሉ፤ እነርሱን ለይቶ የተከለ ሰው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ አበባ ያገኝባቸዋል። ዋልካ መሬት ያለው ሰው ግን በኅዳር ኮረቱን አውጥቶ፣ በጥላ አድርቆ፣ አየር በሚገባው ከረጢት ውስጥ እስከ መጋቢት ቢያኖረው መልካም ነው፤ ብርድን ሳይሆን ረግረጉን ለማምለጥ።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሣ። አጋፓንቱስ በእነዚህ ከተሞች አደባባይና መንገድ ዳር ሁሉ በሰኔ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ነው፤ ብዙ ችሎ ያድራል፣ ስለ እርሱ ብዙ መጨነቅ አያሻም። ክሪነም፣ በኢትዮጵያ የጅብ ሽንኩርት የሚባለው ዘመድ ያለው፣ አንገቱ ከአፈር በላይ ሆኖ ይተከላል፤ መነካካት አይወድም፣ አንዴ ከተተከለ ዓመታት ይተው። ቱቤሮዝ ከሜክሲኮ የመጣ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ያበበው ራስ ዳግመኛ ስለማያብብ ተስፋው በልጆቹ ላይ ነው። በኢትዮጵያም የሚገኘው፣ በቅጠሉ ጫፍ እየተጠመጠመ የሚወጣው ግሎርዮሳ እንደ እሳት ነበልባል የሚያምር ቢሆንም፣ ሥሩ ስኳር ድንች ስለሚመስልና ብርቱ መርዝ ስላለበት፣ ልጆች በሚጫወቱበት ወይም ሥራ ሥር በሚቆፈርበት ጓሮ ውስጥ እንዲገባ አልመክርም።

ጠላትን በተመለከተ ገበሬዎቻችን እዚህ አገር አዲስ የሚማሩት ነገር የለም። ፍልፈል በሐምራው ውስጥ ጉልላት እየሠራ ይሄዳል፣ ያገኘውንም ኮረት እየጎተተ ወደ ጎተራው ያስገባል፤ ጃርትም ከእርሻ ዳር በሌሊት መጥቶ ይቆፍራል። ሐጻቭን በመርዙ ምክንያት በአብዛኛው ይተዉታል፤ ግላዲዮለሱን ግን አይምሩትም። መፍትሔው ጥቅጥቅ ካለ የብረት ወንፊት ቅርጫት ሠርቶ ኮረቶቹን በዚያ ውስጥ መትከል ነው። ወጥመድና መርዝ ብዙ ሰው ይሞክራል፤ ቅርጫቱ ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለዓመታት ያገለግላል።

የሰንበተ ምድር ሕግን ለሚጠብቁ ቤተሰቦች ኮረት የተለየ ምቾት አለው። በሰባተኛው ዓመት፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 እስከ መስከረም 2022 የነበረው ሲሆን፣ ለጌጥ የሚሆን ተክል እንኳ በምድር ላይ መትከል አይፈቀድም፤ ተተክሎ የኖረው ግን እንዳይጠፋ ማጠጣት ይቻላል። በስድስተኛው ዓመት ኮረቱን ያኖረ ሰው በሰባተኛው እጁን አጣጥፎ አበባውን ያያል። የሚቀጥለው የምድር ዕረፍት በመስከረም 2028 ስለሚገባ፣ ሐጻቩንና ሐቫጼሌቱን ለመትከል የሚያስብ ሁሉ ከዚያ በፊት ባሉት መኸሮች ቢያደርገው ይበጃል። ለእነዚህ ለክረምት ጠጪዎቹ የሚመቸው ጊዜ ከበዓለ መጸለት እስከ ስግድ ያለው ነው፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ዘመነ ጽጌ ከሚባለው ወቅት ጋርም ብዙ አይራራቅም፤ በአንዱ አገር አበባ የሚዘመርበት ጊዜ፣ በሌላው አገር አበባ የሚቀበርበት ጊዜ ነው።

ከችግኝ ቤት የሚገዛ ሰው ከረጢቱ ላይ የታተመውን የጥልቀትና የመትከያ ወር ሥዕል ከመከተሉ በፊት ጥቂት ቢያመነታ እወዳለሁ፤ ብዙው የተሰናዳው በረዶ ለሚወርድባቸው አገሮች ነው። ሻጩን ይህ ኮረት በትውልድ አገሩ የሚዘንብለት በብርዱ ጊዜ ነው ወይስ በሙቀቱ ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ ካላወቀ፣ የክረምት ቅጠል ያለው መሆኑን በጥር ወር መጥቶ በማሰሮው ውስጥ በዓይኑ ይመልከት፤ በጥር አረንጓዴ የሆነው በአብዛኛው ከሐጻቭ ወገን ነው፣ በሐምሌ አይጠጣም።